ሜትር ይዘው ከአስፋልቱ እስከ መጸዳጃ ቤቱ

ሜትር አለዎት? አናጢ ቀበቶው ላይ የሚሰካው፣ ሲጎትቱት የሚወጣው፣ ሲለቁት ተመልሶ የሚገባው ሜትር ማለቴ ነው። ከሌለዎት ከጎረቤት ይዋሱ። ዛሬ የማስረዳዎት ሥራ ከእሱ ሌላ ብዙ ዕቃ አይፈልግም።

ሥራው እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ኡራኤል ወይም ካዛንቺስ ካሉት የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች አንዱን ይመርጣሉ። ክሊኒክ፣ ባንክ፣ ትምህርት ቤት ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሊሆን ይችላል። አካል ጉዳት ያለበት ሰው እዚያ ገብቶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ማንም ሳይሸከመው መውጣት ይችል እንደሆነ እየለኩ ይመዘግባሉ። ባለሙያዎች ይህን የተደራሽነት ፍተሻ ይሉታል። ሕንፃ ተደራሽ ነው የሚባለው በዊልቸር ለሚሄድ፣ በክራንች ለሚራመድ፣ ለማያይና ለማይሰማ ሰው ጭምር ክፍት ሲሆን ነው።

እኔ ነገሩን የተማርኩት በዊልቸር ከሚሄድ ጎረቤቴ ነው። አንድ ቀን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት አብሬው ሄድኩ። በሩ ላይ አዲስ መወጣጫ ተሠርቷል። ደረጃ የለውም፤ ዘንበል ብሎ የሚወጣ ነው። የግንባታ ሰዎች ራምፕ የሚሉት ማለት ነው። እኔ ሳየው ደስ አለኝ። እሱ ግን ከሥሩ ቆሞ አየውና «ይሄ ለእኔ አልተሠራም» አለኝ። ልገፋው ስሞክር ገባኝ። በመጨረሻ ሁለት ጥበቃዎች አግዘውኝ ወጣን። ስንመለስ ፊቱን ወደ ሕንፃው አዙረን፣ ወንበሩን ከኋላ ጨብጠን፣ ትንፋሻችንን ይዘን አወረድነው። መወጣጫው አለ፤ ግን በጣም ቀጥ ያለ ነበር። «አለ» እና «ያገለግላል» ለየብቻ መሆናቸውን ያን ቀን አየሁ። ፍተሻው የሚለካውም ይህንኑ ልዩነት ነው።

«ለመሆኑ ስንት ሰው ነው እንዲህ የሚቸገረው?» ይሉኝ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ከመቶ ሰው 16 ያህሉ አንድ ዓይነት ጉልህ የአካል ጉዳት እንዳለበት ይገምታል። በ1999 ዓ.ም በአገራችን የተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ ነበር ያገኘው። እኛ ዘንድ ጉዳቱ ስለቀነሰ አይመስለኝም። በር አንኳኩቶ «አካል ጉዳተኛ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ቆጣሪ ብዙውን አያገኝም። የሚደበቅ አለ። እርጅና ነው ተብሎ የሚታለፍ አለ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ያላቸው እናት ራሳቸውን ከአካል ጉዳተኛ አይቆጥሩም። ሦስት ደረጃ ለመውጣት ግን ሰው ትከሻ ላይ ይደገፋሉ። ነፍሰ ጡሯም፣ ሕፃን ያዘለችውም፣ እግሩን ጀሶ የታሰረውም ያንኑ መወጣጫ ይፈልጋሉ።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2001 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ሁለት ነገር አዝዞ ነበር። አንደኛ፣ ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱና መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚስማማ መግቢያ ይኑረው። ሁለተኛ፣ መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልገው ሕንፃ ውስጥ በቂ ቁጥር ያለው፣ ለእነዚህ ሰዎች የሚመችና ሊደርሱበት የሚችሉት መጸዳጃ ቤት ይሠራ። እዚህ ላይ «የሚስማማ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ። መወጣጫ መሥራት ብቻውን አልታዘዘም፤ የሚስማማ መሆን አለበት።

አንድ ዓመት ቆይቶ፣ በ2002 ዓ.ም፣ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ስለዚህ ስምምነቱ የእርስዎም የወረዳዎም ሕግ ነው። የሕንፃ ሕግ በየጊዜው ይሻሻላል። ደብዳቤ ላይ ቁጥር ከመጻፍዎ በፊት በሥራ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ የክፍለ ከተማውን የግንባታ ፈቃድ ሰዎች ይጠይቁ።

አዋጁ ራሱ በሴንቲሜትር አይዘረዝርም። ከዚህ በታች የምነግርዎት ልኮች ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለሕንፃ ተደራሽነት ካወጣው 21542 ከተባለው ደረጃና አሜሪካኖች ከ1990ው (እ.ኤ.አ.) የአካል ጉዳተኞች ሕጋቸው በኋላ ከሚሠሩበት ልክ የተውጣጡ ናቸው። የሰው ክንድና የዊልቸር ስፋት አገር አይለይምና እኛንም ያገለግሉናል።

አሁን እንውጣ። ፍተሻው የሚጀምረው ሕንፃው በር ላይ አይደለም፤ ሰውየው ከታክሲ ወይም ከባቡር የሚወርድበት ቦታ ላይ ነው። ኡራኤል በስሙ የተጠራ የቀላል ባቡር ጣቢያ አለው። ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄደው መስመር ላይ፣ በሃያ ሁለትና በባምቢስ ጣቢያዎች መካከል ማለት ነው። ባቡሩ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። ከዚያ ጣቢያ ወይም ከታክሲ ማቆሚያው ተነሥተው እስከ ሕንፃው ይራመዱ። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ከአስፋልቱ ስንት ሴንቲሜትር ከፍ ይላል? ማቋረጫው ላይ ዝቅ ተደርጎ ተስተካክሏል? መሐሉ ላይ የመብራት ምሰሶ፣ የቆመ መኪና፣ ክዳኑ የተነሣ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ? ነፃ ሆኖ የቀረውን ስፋት ይለኩ። ከ90 ሴንቲሜትር ካነሰ ዊልቸር በጭንቅ ነው የሚያልፈው። ሁለት ሰው እንዲተላለፍ ደግሞ 1 ሜትር ከ50 ያህል ይፈልጋል።

እዚህ ሰፈር ቀኑም መመረጥ አለበት። ወር በገባ በ22 በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን የሚከበረው የቅዱስ ኡራኤል ዕለት ነው። ያን ቀን መንገዱ በምእመናን፣ ጧፍና ጃንጥላ በሚሸጡ፣ እርዳታ በሚጠይቁ ሰዎች ይሞላል። በአዘቦት ቀን ይለኩ፤ ከዚያ በ22 አንድ ጊዜ ተመልሰው ይዩት። በአዘቦት 2 ሜትር የነበረው መተላለፊያ ያን ቀን ስንት እንደሚሆን ማወቅ ለበዓሉ አስተባባሪዎችም ይጠቅማል። ጥር 22 እና ሐምሌ 22 ቀንማ ዓመታዊ ክብረ በዓል ስለሆነ መለካቱ ቀርቶ መቆሚያም አይገኝ።

ሕንፃው በር ደረስን። እዚህ ቆም እንበል፤ ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃዎቹን ይቁጠሩና ከመሬት እስከ በሩ ወለል ያለውን ከፍታ ይለኩ። ሦስት ደረጃ ነው እንበል። እያንዳንዱ 15 ሴንቲሜትር ቢሆን በድምሩ 45 ይመጣል። ሰው የሚገፋው ወይም በራሱ ክንድ የሚነዳው ዊልቸር በደህና የሚወጣው ተዳፋት 1 ለ12 ነው። ይህ ማለት 1 ሴንቲሜትር ለመውጣት 12 ሴንቲሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። 45ን በ12 ያባዙ። 5 ሜትር ከ40 ሴንቲሜትር ይሆናል። ለሦስት ደረጃ ብቻ ይህን ያህል ርዝመት ይጠይቃል። ባለሕንፃዎች የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው። ከሕንፃው እስከ አስፋልቱ ያለው ቦታ ጠባብ ሲሆን 2 ሜትር ላይ ጨርሰውት ያርፋሉ። ያ ደግሞ 1 ለ4 ከግማሽ ገደማ ነው፤ ከሚፈለገው ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ቀጥ ይላል ማለት ነው። ጎረቤቴ ከሥሩ የቆመበት እንዲህ ያለው ነበር።

ቦታ ከሌለስ? መወጣጫው ይታጠፋል። 2 ሜትር ከ70 ሄዶ ያርፋል፤ ከዚያ ዞሮ ሌላ 2 ሜትር ከ70 ይወጣል። ማረፊያው ጠፍጣፋ፣ በሁሉም አቅጣጫ 1 ሜትር ከ50 የሆነ ቢሆን ዊልቸሩ ይዞራል። በሩ ፊትም እንዲሁ ጠፍጣፋ ቦታ መኖር አለበት። አለዚያ ሰውየው በአንድ እጁ በሩን ሲስብ ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል።

«ተዳፋቱን በምን እለካለሁ?» ካሉ ግንበኛ የሚጠቀምበትን ውሃ ልክ ይያዙ። 1 ሜትር ከ20 የሆነውን ያግኙ። አንዱን ጫፍ የመወጣጫው ላይኛ በኩል ያስነኩት። የታችኛውን ጫፍ አረፋው መሐል እስኪገባ ያንሡት። ከዚያ በተነሣው ጫፍና በመሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት በሜትር ይለኩ። 10 ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መወጣጫው ደህና ነው። 15 ከሆነ ረዳት ይፈልጋል። 25 ከደረሰ አደገኛ ነው፤ «አደገኛ» ብለው ይጻፉት። ውሃ ልክ ከሌለዎት ብዙ ስልኮች ላይ የዘንበል መለኪያ አለ። 1 ለ12 ማለት 5 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው።

ስለዚህ ነገር የምሬን ልንገርዎት። በጣም ቀጥ ያለ መወጣጫ ጭራሽ ከሌለው ይብሳል ብዬ አምናለሁ። መወጣጫ የሌለው ሕንፃ ጥያቄው አልተመለሰም። መጥፎ መወጣጫ ያለው ግን «ተሠርቷል» ተብሎ ፋይሉ ተዘግቷል። ለዚህ ነው «መወጣጫ አለ ወይስ የለም» የሚል ቅጽ የማልወደው። ቁጥር ይጻፉ።

የላዩን ንጣፍም በእጅዎ ዳስሰው ይዩት። ግራናይት ወይም የተወለወለ ሊሾ ከሆነ ሐምሌ ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የእጅ መደገፊያ በግራና በቀኝ አለ? ከፍታው ከ85 እስከ 95 ሴንቲሜትር ቢሆን ለብዙ ሰው ይመቻል። ሲይዙት ይነቃነቃል? የሚነቃነቅ መደገፊያ ሰው ሙሉ ክብደቱን የጣለበት ዕለት ይነቀላል።

ወደ በሩ እንለፍ። በሩን ሙሉ በሙሉ ከፍተው ነፃውን ስፋት ይለኩ። ከተከፈተው በር ፊት እስከ ማዶው ፍሬም ያለው ማለት ነው። ትንሹ 80 ሴንቲሜትር ነው፤ 90 ቢሆን እጅግ ይሻላል። ብዙ ሕንፃ ላይ በሩ ባለ ሁለት ተከፋች ነው። አንዱ ግን ከላይና ከታች በመቀርቀሪያ ተቆልፎ ዓመቱን ሙሉ አይከፈትም። የቀረው 60 ብቻ ይሆናል። መቀርቀሪያውን ማንሣት አንድ ሳንቲም አያስወጣም። በሩ ሥር ያለው የመድረክ ከፍታም ከ1 ሴንቲሜትር ተኩል መብለጥ የለበትም።

ከበሩ ቀጥሎ የጥበቃ ፍተሻ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ፍተሻ የሚገባበት መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው። ጠረጴዛው መተላለፊያውን ያጠበዋል። የብረት መፈተሻው ማሽን ስፋትም ይለካ። በዊልቸር የመጣው ሰው በማሽኑ ሲያልፍ መጮኹ አይቀርም፤ ወንበሩ ብረት ነው። ታዲያ ጥበቃው ምን ያደርጋል? ከጎን የሚያልፍበት ሰፊ መንገድ አለ? ሰውነቱን ከመንካታቸው በፊት ይጠይቁታል? ዓይነ ስውሩን ነጭ በትሩን ይቀሙታል? ይህ በሜትር አይለካም፤ ግን ይጻፋል።

ውስጥ ገባን። የአገልግሎት መስኮቱን ከፍታ ይለኩ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ወረቀት ላይ የሚፈርመው መደገፊያው ከ80 ሴንቲሜትር ብዙም ሳይበልጥ ነው። 1 ሜትር ከ10 ከሆነ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ፀጉሩን እንኳ በደንብ አታየውም። ከረጅሙ ባንኮኒ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ብቻ ዝቅ ቢደረግ ይበቃል።

ሊፍቱ ላይ ሦስት ጥያቄ አለ። የመጀመሪያው የልክ ነው፦ በሩ 80፣ ውስጡ ቢያንስ 1 ሜትር ከ10 በ1 ሜትር ከ40። ቁልፎቹ ከወለሉ 1 ሜትር ከ20 ባይበልጡ ይመረጣል። ሁለተኛው፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱን ያንቀሳቅሳል ወይስ አምፖል ብቻ ያበራል? ሦስተኛው፣ ሊፍቱ ለሁሉም ክፍት ነው ወይስ በቁልፍ ለኃላፊዎች ብቻ ይሠራል? ሊፍት ጭራሽ ከሌለ መፍትሔው ሊፍት መግዛት ብቻ አይደለም። ባለጉዳይ የሚበዛበት ቢሮ ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ይውረድ። ፋይልና ጠረጴዛ ከማጓጓዝ በቀር ወጪ የለውም።

መጸዳጃ ቤቱን በመጨረሻ አስቀመጥኩት፤ ግን እንዳይዘሉት። ከጎረቤቴ ጋር ቢሮ የምንሄድ ቀን ጠዋት ውሃ አይጠጣም ነበር። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቀው ሁለት ዓመት አለፈ። ሲነግረኝ አፈርኩ። ቀኑን ሙሉ ወረፋ የሚያስጠብቅ ቦታ መጸዳጃ ቤቱ የማያስገባ ከሆነ፣ መወጣጫውም ሊፍቱም ቢያምር ሰውየው የሚቆየው ሰውነቱ እስከቻለለት ድረስ ብቻ ነው።

ምን ይለካል? በሩ ቢያንስ 80 ይሁን፤ ወደ ውጭ ይከፈት። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ዊልቸሩ ከገባ በኋላ አይዘጋም። ሰው ቢወድቅም በሩን ያግዳል። ውስጡ 1 ሜትር ከ50 ክብ የመዞሪያ ቦታ ይኑረው። መቀመጫው ከወለሉ ከ43 እስከ 48 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል፤ የዊልቸር መቀመጫ ከፍታም እዚያ አካባቢ ስለሆነ ሰው ከአንዱ ወደ አንዱ ተንሸራቶ ይሸጋገራል። ከጎንና ከኋላ ግድግዳው ላይ በብሎን የታሰረ መያዣ ብረት ያስፈልጋል። የእጅ መታጠቢያው ከሥሩ ባዶ ይሁን፤ ጉልበት ይገባበታል። ቁጢጥ ብለው የሚጠቀሙበት መጸዳጃ ብቻ ከሆነ ያለው፣ ለዚህ ሰው የለም ብለው ይጻፉ።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይጠይቁ። ለአካል ጉዳተኞች ተብሎ የተሠራው ክፍል ብዙ ጊዜ ተቆልፏል። ቁልፉ እገሌ ጋ ነው፤ እገሌ ደግሞ ምሳ ወጥቷል። ሲከፈትም መጥረጊያ፣ ባልዲና የተሰበረ ወንበር ይወጣል። በሩ ላይ የተለጠፈውን ምልክት አይተው ብቻ «አለ» ብለው አይመዝግቡ። ያስከፍቱት።

ለማያይ ሰው ፍተሻው ሌላ መልክ አለው። ነጭ በትር መሬት መሬቱን ነው የሚዳስሰው። ስለዚህ በደረት ወይም በራስ ከፍታ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ያደማል። የደረጃ ሆድ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት፣ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ማስታወቂያ ማለት ነው። 2 ሜትር ከ10 ድረስ ነፃ መሆን አለበት። ጥቂት ለሚያይ ሰው የእያንዳንዱ ደረጃ ጠርዝ በሌላ ቀለም ቢቀባ፣ የመስታወት በር ላይ ደማቅ መስመር ቢለጠፍ ብዙ ነው። ሊፍቱ ፎቁን በድምፅ ይናገራል? ቁልፎቹ ላይ በጣት የሚነበበው የብሬል ነጥብ አለ?

መስማት ለተሳነው ሰው ደግሞ ግድግዳው ሳይሆን አሠራሩ ነው የሚፈተሸው። ወረፋው በስም ጥሪ ብቻ ከሆነ ተራው ያልፈዋል። ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ ወይም ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ይበቃል። የእሳት ማንቂያ ደወል ካለ ብልጭ የሚል መብራት አብሮት ይኑር።

«ታዲያ ይህን ሁሉ እኔ ብቻዬን ልሥራው?» አይደለም። ብቻዎን ከሄዱ የሚያዩት የለመዱትን ነው። ቢያንስ አንድ በዊልቸር የሚሄድና አንድ ዓይነ ስውር ሰው ይዘው ይሂዱ። እርስዎ ይለካሉ፤ እነሱ ይፈትሻሉ። የሚያውቁት ሰው ከሌለ በኢትዮጵያ አካል ጉዳተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ሥር ያሉትን ማኅበራት ይጠይቁ። የዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርና መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ለዚህ ቅርብ ናቸው። የኢትዮጵያ አካል ጉዳተኝነትና ልማት ማዕከልም ከዚህ ቀደም የአዲስ አበባን ተደራሽ ቦታዎች የሚያሳይ መምሪያ አሳትሟል፤ ሥራው እዚህ አገር ያልተሞከረ አይደለም።

አብረውዎት ለሚሄዱት ይክፈሉ። ይህን አጥብቄ እላለሁ። ኮንትራት ታክሲውን፣ ምሳውን፣ የዋለበትን ቀን። መሐንዲስ ለግማሽ ቀን ሥራ ገንዘብ ከተቀበለ፣ መወጣጫውን በገዛ ክንዱ የሞከረው ሰው በምርቃት መሸኘት የለበትም።

መግባትስ ይፈቅዱልዎታል? ባለጉዳይ በሚገባበት ሰዓትና ክፍል እንደማንኛውም ሰው ይገባሉ። ሜትር አውጥተው መለካት ሲጀምሩ ግን መጠየቅዎ አይቀርም። ከወረዳዎ ወይም ከማኅበሩ የትብብር ደብዳቤ ይያዙ። ፎቶ ሳያስፈቅዱ አያንሡ። ካዛንቺስ የኤምባሲ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሰፈር ነው፤ ካሜራ የሚያስጠረጥርበት አጥር ብዙ ነው። ፎቶ ባይኖርም በእጅ የተሳለ ንድፍና ቁጥር ይበቃል።

አሁን ወደ ወጪው። ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ በብር አልነግርዎትም፤ ዕቃውን ግን ልቁጠርልዎት። ያንን 45 ሴንቲሜትር የሚያወጣውን መወጣጫ እንውሰድ። ርዝመቱ 5 ሜትር ከ40፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 ይሁን። ሆዱ በድንጋይና በተጠቀጠቀ አፈር ይሞላል። ከላዩ 10 ሴንቲሜትር ኮንክሪት ይፈስበታል። በሩ ፊት ካለው ማረፊያ ጋር ከአንድ ሜትር ኩብ በታች ኮንክሪት ነው፤ ወደ 3 ኩንታል ሲሚንቶ ይፈጃል። የጎን ግንቡ ለብቻ ነው። መደገፊያው ከመወጣጫው በሁለቱም ጫፍ 30 ሴንቲሜትር ያህል አልፎ ይሂድ። ያኔ ለአንድ ጎን 6 ሜትር ያህል ይሆናል፤ አንድ ሙሉ የብረት ቱቦ ማለት ነው። ለሁለቱ ጎን ሁለት፣ ለማቆሚያ እግሮቹ ሁለት፣ በድምሩ አራት ቱቦ። ይህን ወረቀት ይዘው የሕንፃ መሣሪያ መደብርና ብየዳ ቤት ይጠይቁ። ከዚያ ያገኙትን ዋጋ ሕንፃው ለበሩ መስታወት ካወጣው ጋር ያስተያዩት።

ሪፖርትዎን ሲጽፉ ጉድለቶቹን እንደ ወጪያቸው ይለዩ። ብር የማይጠይቁት ይቅደሙ፤ የተቆለፈውን ክፍል መክፈት፣ መቀርቀሪያውን ማንሣት፣ ጠረጴዛውን ማራቅ፣ ቢሮውን ማውረድ። ነገ ጠዋት ይሠራሉ። ቀጥሎ በሳምንት የሚያልቁት፤ ቀለም፣ መያዣ ብረት፣ መወጣጫ። ሊፍትና መጸዳጃ ቤት አፍርሶ መሥራት በጀት ዓመት ይጠብቃሉ። አንድ ላይ ተቀላቅለው ከቀረቡ ኃላፊው የሊፍቱን ዋጋ ያይና መቀርቀሪያውንም ሳያነሣ ይቀራል።

ገና ያልተሠራ ሕንፃ ከሆነ ሒሳቡ ፍጹም ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት የአካል ጉዳት ሪፖርት፣ አዲስ ሕንፃን ከመነሻው ተደራሽ ማድረግ ከጠቅላላ ወጪው 1 በመቶ ገደማ እንደሚፈጅ ገልጸዋል። ዕቅዱ ላይ በርን ከ70 ወደ 90 ማስፋት የእርሳስ ሥራ ነው። ከተገነባ በኋላ ግን ግድግዳ ይፈርሳል።

ይህ ለእኛ ሰፈር የዛሬ ጉዳይ ነው። ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ከቤት ነው። በጣሊያን ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው ተቋም ምኅጻረ ስም «ኢንቺስ» ነበር፤ «ካዛ ኢንቺስ» ሲሉ የኢንቺስ ቤቶች ማለታቸው ነው። በ2017 ዓ.ም ደግሞ የሰፈሩ ትልቅ ክፍል ፈርሶ እንደ አዲስ መሠራት ተጀመረ። አዲስ ከሚወጡት ሕንፃዎች ገና ወረቀት ላይ ያሉትን አሁኑኑ ይዩ። የ1 በመቶው ጊዜ ይህ ነው።

«አሮጌ ሕንፃ ነው፣ ቅርስ ነው፣ አይነካም» የሚል መልስ ከሰሙ የአፍሪካ አዳራሽን ያስታውሷቸው። አርክቴክቱ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ያለበት፣ በ1961 (እ.ኤ.አ.) የተመረቀው አዳራሽ ለዓመታት ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም ተከፍቷል። ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ ማድረግ ከእድሳቱ ሥራዎች አንዱ ነበር። ከኡራኤል በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው።

ሪፖርቱ ለማን ይሰጣል? መጀመሪያ ለሕንፃው ኃላፊ ወይም ባለቤት፣ በሁለት ኮፒ። አንዱ ላይ ማህተም ወይም ፊርማና ቀን አስደርገው ለራስዎ ያስቀሩ። መልስ ካጡ ወደ ክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። በሕንፃ አዋጁ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የሕንፃ ሹም የሚባለው ባለሙያ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በደል ከሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያየዋል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም የአካል ጉዳተኞችንና የአረጋውያንን መብት የሚከታተል ክፍል አለው። ለሁለቱም አቤቱታ ማቅረብ ገንዘብ አያስከፍልም።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይብቃው። «መወጣጫው አይመችም» ብለው አይጻፉ። «የዋናው በር መወጣጫ ከፍታው 45 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ነው፤ 5 ሜትር ከ40 መሆን ነበረበት። በዊልቸር የመጣ ሰው በሦስት ሰው ርዳታ ወጥቷል» ብለው ይጻፉ። ቁጥር ያለበትን ደብዳቤ «እናየዋለን» ብሎ መመለስ ከባድ ነው። በቦታው የነበሩት ሰዎች ሁሉ ይፈርሙበት።

ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚመለሱበትን ቀን ደብዳቤው ግርጌ ላይ ያስፍሩ። በዚያ ቀን ያንኑ ሜትር፣ ያንኑ ውሃ ልክ፣ እነዚያኑ ሰዎች ይዘው ይሂዱ። ከታክሲ ማቆሚያው ይጀምሩ። የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ማን እንደያዘም እንደገና ይጠይቁ።